ሐረጉ ንባቡን እንዳይሸፍነው፦ ለአጥቢያ ድረ ገጽ ገጽታን መምረጥና ማስተካከል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር አጥቢያ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ሲሠራ፣ የሥራውን ሂደት ለምእመናን የሚገልጽ ድረ ገጽ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ገንዘቡን ያዋጡት በአዲስ አበባና በውጭ ሀገር የሚኖሩ የአጥቢያው ተወላጆች ስለ ነበሩ፣ ስጦታቸው ምን ላይ እንደ ዋለ በየጊዜው ማወቅ ይገባቸው ነበር። እኔም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥራውን ፈጸምኩ። የመረጥኩት ገጽታ መደቡ ጥቁር፣ ፊደሉ ወርቃማ ሲሆን፣ ከላይ በየተራ የሚያልፉ ሰባት ትልልቅ ሥዕሎች ነበሩት። በአዳራሹ ውስጥ በላፕቶፕ ለኮሚቴው ባሳየሁ ጊዜ ሁሉም አደነቁ፤ እኔም በልቤ ደስ አለኝ።

ሦስት ወር ሳይሞላ ለኮሚቴው ሊቀ መንበር ስልክ ተደወለላቸው። ደዋዩ ለሥራው ከሁሉ ይልቅ የደከመ፣ በውጭ ሀገር የሚኖር የአጥቢያው ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ የገባው ገንዘብ ተጽፏል፤ የወጣው ግን የለም። ወዴት ሄደ?» አላቸው። ወጪው ግን ከነደረሰኝ ቁጥሩ ተጽፎ ነበር። የሆነው እንዲህ ነው፦ የሒሳቡ ሠንጠረዥ ስድስት ዓምድ ነበረው፤ ገቢው በስተ ግራ፣ ወጪው በስተ ቀኝ መጨረሻ ላይ ነበር። እኔ የመረጥኩት ገጽታ በስልክ ሲከፈት ከስክሪኑ ስፋት የተረፈውን ሁሉ ቆርጦ ያስቀራል። ስለዚህ በላፕቶፕ የታየው ወጪ በስልክ አልታየም። በስልኩ የሚያነበው ሰው ያየው ገቢ ብቻ ያለበትን ሒሳብ ነው። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ያየ ሰው ቢጠረጥር ምን ይፈረድበታል?

ነገሩን የሰሙት ቄሰ ገበዙ አስጠሩኝና ስልካቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ፣ «ልጄ፣ ሥዕሉ ሲያልፍ ቆሜ አየሁ፤ ሒሳቡን ግን አጣሁት» አሉኝ። ከዚያ ቃል በኋላ የምጨምረው ምክንያት አልነበረኝም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥፋቴ የተማርኩትን ለእናንተ ለማካፈል የተዘጋጀ ነው። ዛሬ ብዙ አጥቢያዎችና ሰንበት ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን ድረ ገጽ ይከፍታሉ፤ ኮሚቴዎችም አስቀድመው «የትኛው ገጽታ ያምራል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ ቦታው ግን ሁለተኛ ነው። መቅደም የሚገባው «የመጣው ሰው የፈለገውን ያገኛልን?» የሚለው ነው።

ገጽታ ማለት ምን ማለት ነው?

ድረ ገጽ ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው ይዘቱ ነው፤ ይኸውም ጽሑፉ፣ ፎቶግራፉ፣ ሒሳቡና የአገልግሎት መርሐ ግብሩ ነው። ሁለተኛው ይዘቱ ለዓይን የሚቀርብበት መልክ ነው፤ ይኸውም የፊደሉ ዓይነትና መጠን፣ ቀለሙ፣ የዓምዱ አደራደርና የማውጫው ቦታ ነው። ይህን ሁለተኛውን ባለሙያዎች «ቴም» ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ገጽታ» እንለዋለን።

ለምሳሌ የምወስደው ዎርድፕረስ የተባለውን የድረ ገጽ ማዘጋጃ ነው። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ሲሆን፣ ማንም ሰው በነጻ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው በሚፈቅድ ሕግ ይሰራጫል። በይፋዊው ማከማቻው ውስጥ ያለ ክፍያ የሚወሰዱ በሺህ የሚቆጠሩ ገጽታዎች ስላሉ፣ አቅሙ ውስን ለሆነ አጥቢያ ይመቻል። ለድረ ገጹ ስምና ለማስቀመጫው ቦታ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ከዚህ የተለየ መሆኑን ኮሚቴው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ይዘትና ገጽታ መለያየታቸው ትልቅ ጥቅም አለው። የመጽሐፍ ማኅደር ሲያረጅ ሌላ ማኅደር ይሰፋለታል እንጂ ንባቡ አይለወጥም። እንዲሁም ገጽታው ሲለወጥ ጽሑፎቻችሁና ፎቶግራፎቻችሁ በቦታቸው ይኖራሉ። እንደገና መስተካከል የሚያስፈልጋቸው እንደ ማውጫው፣ እንደ ራስጌው ምስልና በገጹ ጎን እንደ ተቀመጡት ትንንሽ ክፍሎች ያሉት ናቸው። ስለዚህ ከዚህ ቀደም የማይስማማ ገጽታ የመረጠ አጥቢያ ቢኖር አይጨነቅ፤ ሥራውን ሳያፈርስ ሊያቀናው ይችላል።

ከብራና ጸሐፊዎቻችን የምንማረው

ገጽን ማስዋብ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ገጹን ይለካል፤ በወስፌ እየወጋ መስመር ያሰምራል፤ ኅዳጉን ይተዋል። ንባቡን በጥቁር ቀለም፣ የክፍሉን መነሻና ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም ይጽፋል። በክፍሉ ራስጌ ሐረግ ቢሥል፣ ሐረጉ ንባቡ የሚጀምርበትን ቦታ ያመለክታል እንጂ በንባቡ ላይ አይወጣም።

የመጽሐፉ መጠንም የገጹን አደራደር ይወስናል። በትልልቅ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ጽሑፉ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ሲደረደር፣ በእጅ በሚያዙ ትንንሽ የጸሎት መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓምድ ይወርዳል። አባቶቻችን በአትሮንስ ላይ የሚነበበውንና በመዳፍ ላይ የሚነበበውን ለይተው ያውቁ ነበር። የዛሬውም ስልክ በመዳፍ የሚያዝ ገጽ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን በዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው የወንጌል መጽሐፍ ነው። የገዳሙ ጥንታውያን ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ተመርምሮ፣ ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባለው ጊዜ እንደ ተዘጋጁ ተገምቷል። በመግቢያቸው በዓምድና በቅስት ያጌጡ ገጾች አሉ። ከሩቅ ሲታዩ የቤተ መቅደስ ደጅ ይመስላሉ፤ ቀርቦ ለሚያያቸው ግን በቅስቶቹ ሥር የተደረደረው ቁጥር ነው። ይህም አውሳብዮስ ዘቂሳርያ ያዘጋጀው፣ በአራቱ ወንጌላት የሚመሳሰሉትን ክፍሎች የሚያመለክተው ሠንጠረዥ ነው። ያ ሁሉ ጌጥ የቆመው አንባቢውን ወደሚፈልገው ክፍል በሚመራ ሠንጠረዥ ዙሪያ ነው። እነርሱ ሠንጠረዡን በጌጥ አከበሩት፤ እኔ ግን በጌጥ ሸፈንኩት።

ከመምረጥ በፊት በወረቀት መጻፍ

ገጽታ ለመምረጥ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ኮሚቴው በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ወደ ገጻችን የሚመጣው ማን ነው? የሚፈልገውስ ምንድን ነው? በአብዛኛው መልሱ ከሦስት አይበልጥም።

የአጥቢያው ምእመን የቅዳሴውን ሰዓት፣ የንግሡን ቀን፣ ስለ ክርስትናና ስለ ጸሎተ ፍትሐት የሚያነጋግረውን አባት ስልክ ይፈልጋል። ተሳላሚ እንግዳ መንገዱንና ማረፊያውን ይጠይቃል። በሩቅ ያለው ረጂ ደግሞ ሥራው የት እንደ ደረሰና ገንዘቡ ምን ላይ እንደ ዋለ ማየት ይሻል። እነዚህን ሦስቱን በቅደም ተከተል ጻፏቸው። ከዚያ በኋላ የምታዩትን ማንኛውንም ገጽታ «እነዚህ ሦስቱ በስልክ ላይ ገና ገጹ እንደ ተከፈተ ይታያሉን?» ብላችሁ ጠይቁት። ከታሪካችን፣ ከሥዕሎቻችንና ከመዝሙሮቻችን የሚበልጥብን አለ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የቸኮለውን ሰው አስቀድሞ ማስተናገድ የእንግዳ አቀባበል ሥርዓት ነው።

አምስት መመዘኛዎች

አንደኛ፣ በአማርኛ ፈትኑት። የገጽታዎች ማሳያ የሚዘጋጀው በላቲን ፊደል ነው፤ በዚያ ሲታይ ያማረ ሁሉ በእኛ ፊደል አያምርም። ብዙ ገጽታዎች ርእስን በትልልቅ ፊደላት ብቻ ይጽፋሉ፤ በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለም። አንዳንዶች ፊደልን ያዘነብላሉ፤ ይህም ለግእዝ ፊደል ያልተለመደና ለዓይን የሚያስቸግር ነው። ሌሎች በፊደላት መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋሉ፤ በዚህም ቃሉ ይበታተናል። ስለዚህ ዎርድፕረስ ገጽታውን ከማጽደቃችሁ በፊት በራሳችሁ ጽሑፍ ላይ አልብሶ የሚያሳይበትን «ላይቭ ፕሪቪው» የተባለውን መንገድ ተጠቀሙ። በመሞከሪያው ጽሑፍ ውስጥ እንደ ቋ፣ ጧ፣ ኋ፣ ጰ ያሉትን ፊደላት፣ እንደ ፩፣ ፪፣ ፫ ያሉትን የግእዝ ቁጥሮች፣ እንዲሁም አራት ነጥብንና ድርብ ሰረዝን አግቡ። በአንዳቸው ቦታ ባዶ ሳጥን ቢታይ ወይም የፊደሉ አናት ተቆርጦ ቢታይ፣ ያ የፊደል ዓይነት መለወጥ አለበት።

ሁለተኛ፣ በስልክ ክፈቱት። ያውም በኮሚቴው ውስጥ ካለው ስልክ ሁሉ በትንሹና በአሮጌው። ማውጫውን ለመክፈት የሚነካው ምልክት ለአውራ ጣት ይበቃልን? ጽሑፉ በአንድ ዓምድ ይወርዳልን? ወደ ጎን ሳይጎተት ይነበባልን? ስልኩን ይዛችሁ ወደ ደጀ ሰላሙ ፀሐይ ውጡና እንደገና እዩት። በአዳራሽ ጥላ ውስጥ ያማረው ጥቁር መደብ በፀሐይ ላይ እንደ መስታወት ፊትን መልሶ ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ክብደቱን መዝኑ። ተንሸራታች ሥዕል፣ ራሱ የሚጀምር ቪዲዮና የሚንቀሳቀስ ጽሑፍ ሁሉ ከአንባቢው የኢንተርኔት ጥቅል ይከፈልበታል። ገንዘብ ከፍሎ ጥቅል የገዛን የገጠር ምእመን፣ ሳይፈልግ ሰባት ሥዕል እንዲያወርድ ማድረግ በእርሱ ኪስ ማጌጥ ነው። ጎግል በነጻ ያቀረበው «ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ» የተባለ መመርመሪያ የገጹን አድራሻ ሲሰጡት በስልክ ላይ የሚከፈትበትን ፍጥነትና የሚያዘገየውን ነገር ለይቶ ይነግራል።

አራተኛ፣ ጠባቂ ያለውን ምረጡ። በይፋዊው ማከማቻ ከእያንዳንዱ ገጽታ አጠገብ መጨረሻ የታደሰበት ቀንና የሚጠቀሙበት ድረ ገጾች ብዛት ተጽፏል። ለዓመታት ያልታደሰ ገጽታ ጠባቂ እንደሌለው ቤት ነው፤ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም። በተለይ ልትጠነቀቁ የሚገባው በገንዘብ የሚሸጡ ገጽታዎችን ሰብረው በነጻ ከሚያድሉ ሰዎች ነው። በእንዲህ ያለው ቅጂ ውስጥ ጎጂ ፕሮግራም ተሸሽጎ ሊመጣ ይችላል፤ የሌላውን ድካም ያለ ፈቃዱ መውሰድም ለቤተ ክርስቲያን ሥራ አይገባም።

አምስተኛ፣ ቀላሉን አክብሩ። ከዎርድፕረስ ጋር አብረው የሚመጡት፣ በየዓመቱ ስም የተሰየሙት መደበኛ ገጽታዎች ሲታዩ ባዶ ይመስላሉ። ነገር ግን ቀላል፣ ንጹሕና በየጊዜው የሚታደሱ ናቸው። ባዶነታቸውም የሚሞላው በእናንተ ይዘት ነው። ብዙ ጌጥ ያለውን ገጽታ ከማራቆት፣ ቀላሉን በልክ ማስጌጥ ይቀላል።

ማስተካከል፦ ከፊደል መጀመር

ገጽታው ከተመረጠ በኋላ ለአጥቢያው እንዲስማማ ይደረጋል። በቀድሞዎቹ ገጽታዎች ይህ የሚሠራው «ከስተማይዝ» በሚባለው ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በተስፋፉት አዳዲሶቹ ደግሞ «ኤዲተር» በሚባለው ክፍል ነው። ሁለቱም «አፒራንስ» ከሚለው ርእስ ሥር ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ሥራ ፊደል ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፤ በዚህም ከ300 በላይ የሆኑት ፊደላቶቻችንና ምልክቶቻችን እያንዳንዳቸው የታወቀ ቁጥር አግኝተዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ ግን ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። በብዙ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶች የቆዩ ደብዳቤዎችና ታሪኮች በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ተጽፈው ይገኛሉ። እነርሱን ወደ ድረ ገጹ ከመገልበጣችሁ በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ የገጽታው ጥፋት ስላልሆነ ገጽታ በመለወጥ አይድንም።

በነጻ ከሚገኙት የዩኒኮድ ፊደሎች መካከል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ይጠቀሳሉ። አቢሲኒካና ኖቶ ሰሪፍ የብዕር ጽሑፍን መልክ ስለሚይዙ ለርእስና ለረጅም ንባብ ያምራሉ፤ ኖቶ ሳንስ በትንሽ ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል። በአንድ ገጽ ከሁለት ዓይነት በላይ አታግቡ፤ እያንዳንዱ ፊደል ገጹ ሲከፈት የሚወርድ ሸክም ነውና። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ዎርድፕረስ የራሱ የፊደል ማኖሪያ ስላለው በአዳዲሶቹ ገጽታዎች ፊደል ለማስገባት ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

መጠኑን ከ17 እስከ 19 ፒክስል አድርጉት። ለላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለእኛ ፊደል ያንሳል፤ ሀና ሃን፣ ጸና ጹን የሚለየው ትንሽ ጭረት ነውና። የመስመሩን ርቀት ደግሞ የፊደሉን መጠን 1.6 ወይም 1.8 እጥፍ ብታደርጉት መስመሮቹ አይጣበቁም። አባቶቻችን መነጽር ሳይፈልጉ ካነበቡት መጠኑ ትክክል ነው።

ቀለም

ወርቅ፣ ቀይና አረንጓዴ ከቤተ መቅደሳችንና ከልብሰ ተክህኖው የምናውቃቸው ቀለሞች ስለሆኑ በገጹ ላይ ማየት እንወድዳለን። ይሁን እንጂ ለጌጥ የሚሆን ቀለም ሁሉ ለንባብ አይሆንም። ዓለም አቀፉ የድር ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት እንዲኖር ይጠይቃል። የተለመደው ወርቃማ ቀለም በነጭ ላይ ሲጻፍ ልዩነቱ 2 ለ1 ገደማ ብቻ ነው፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጠቆር ያለ ቀይ ግን በነጭ ላይ 10 ለ1 ገደማ ይደርሳል።

እንግዲህ የብራናው ሥርዓት ለድረ ገጹም ይሠራል፦ ለንባቡ ጥቁር፣ ለመደቡ ነጭ ወይም የብራና መልክ ያለው ፈዛዛ ቀለም፣ ለርእስና ለማውጫ ጠቆር ያለ ቀይ። ወርቁ በራስጌው መስመር ላይ ወይም በሐረጉ ላይ ይሁን። ሦስት ቀለም ይበቃል።

ሥዕልና ፎቶግራፍ

በዚህ ረገድ ካህናት አባቶች በቅርብ ሊመለከቱ ይገባል። ብዙ ገጽታዎች የገባላቸውን ምስል ሁሉ ወደ ጎን ሰፊ በሆነ አራት ማዕዘን ይቆርጡታል። ሥዕለ አድኅኖ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ረጅም ነው፤ ሲቆረጥ የቅዱሱ ራስ ወይም አክሊለ ብርሃኑ ይቀራል። ምስለ ፍቁር ወልዳ ከአንገት በላይ ተቆርጣ ርእስ የተጻፈባትን ገጽ አይቻለሁ፤ ያደረገው ሰው ሳይሆን መሣሪያው ነው፤ ነገር ግን የሚጠየቀው ሰው ነው። ስለዚህ ሥዕለ አድኅኖን በጽሑፍ ሥር መደብ አታድርጉ፤ ሙሉውን በራሱ ቦታ አስቀምጡት፤ ከታተመም በኋላ በስልክም በኮምፒውተርም ተመልከቱት።

ለፎቶግራፍ ደግሞ ሁለት ነገር አስቡ። በስልክ የተነሣ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል ብትቀንሱትና ብታምቁት ብዙውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይሆናል፤ ለዓይን የሚታይ ጉድለትም አይኖረውም። ሁለተኛው የሰው ክብር ነው። ትልቅ ፎቶ የሚጠይቅ ገጽታ ሲመረጥ፣ ቦታውን ለመሙላት የተቸገሩ ሰዎችንና የሕፃናትን ፊት ያለ ፈቃዳቸው የማውጣት ፈተና ይመጣል። ውኃ የቀዱት እናት ፈቅደው ካልተነሡ፣ የምንጩ ፎቶ ብቻውን ይበቃል።

ቀንና ሰዓት

ገጽታዎች በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ቀን በራሳቸው ያትማሉ፤ ቀኑም የፈረንጆቹ ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣ የሒሳብ ዘገባ «ሴፕቴምበር 11፣ 2024» ተብሎ ሲታተም፣ በውስጡ ግን 2016 በጀት ዓመት ሲል፣ አንባቢው የስንት ዓመት ሒሳብ እንደ ተደበቀ ሊጠይቅ ይችላል። በአብዛኞቹ ገጽታዎች ይህን ቀን ማጥፋት ይቻላል። አጥፉትና የእኛን ቀን በጽሑፉ መጀመሪያ በእጃችሁ ጻፉ፤ ለውጭ አንባቢ ካስፈለገ ሁለቱንም አስቀምጡ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ቅዳሴ በ12 ሰዓት ይጀመራል» የሚለውን በውጭ ሀገር ያደገ ልጅ እኩለ ቀን ብሎ ይረዳዋል፤ «ከንጋቱ 12 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ይህን ያርቃል።

የሒሳብ ሠንጠረዥ

ከኔ ስሕተት የተማርኩት ሕግ አጭር ነው፦ በስልክ የሚነበብ ሠንጠረዥ ከሦስት ዓምድ አይበልጥም። ዝርዝር፣ ገቢ፣ ወጪ። ቀኑና የደረሰኙ ቁጥር ከዝርዝሩ ሥር በትንሽ ፊደል ሊጻፉ ይችላሉ። ከሠንጠረዡ በላይ ድምሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ፤ «ይህን ያህል ገባ፤ ይህን ያህል ወጣ፤ ይህን ያህል ቀረ» ተብሎ። ሰፊው ሒሳብ ከነፊርማውና ከነማኅተሙ ሊወርድ በሚችል ሰነድ ይያያዝ። የሒሳቡም በር በማውጫው ላይ በራሱ ስም ይታይ እንጂ «ልዩ ልዩ» በሚል ርእስ ሥር አይደበቅ።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በመጨረሻ ስለ ጥበቃው ጥቂት ልበል። የገጽታው ማስተካከያ በቀጥታ በገጽታው ፋይሎች ላይ ከተጻፈ፣ ገጽታው በታደሰ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ለውጦች ሁሉ በማስተካከያ ክፍሉ ውስጥ ይደረጉ፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ ቢያስፈልግ ባለሙያው «ቻይልድ ቴም» የሚባለውን፣ በዋናው ላይ ተደርቦ የሚኖረውን ገጽታ እንዲሠራ ጠይቁት። ማንኛውም ትልቅ ለውጥ ከመደረጉ በፊት የድረ ገጹ መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰድ።

የይለፍ ቃሉ ደግሞ እንደ ዕቃ ቤት ቁልፍ ይቆጠር። ብዙ ጊዜ ድረ ገጹን የሠራው አንድ ትጉህ ወጣት ብቻ ያውቀዋል፤ እርሱ ለትምህርት ወይም ለሥራ ሲሄድ ገጹ ባለበት ይቀራል። የይለፍ ቃሉ፣ የድረ ገጹ ስም የተመዘገበበት አድራሻና ክፍያው የሚታደስበት ቀን በወረቀት ተጽፈው፣ ታሽገው፣ በሰበካ ጉባኤው ካዝና ይቀመጡ። ገጽታው ሲመረጥም ሲለወጥም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የአጥቢያው ስም የሚጠራበት ገጽ የአጥቢያው ንብረት ነውና።

በዚያ የገጠር አጥቢያ ገጽታውን የለወጥነው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰባቱ ሥዕሎች ወርደው አንዱ ሙሉ ሆኖ ቀረ። ሒሳቡ ከራስጌው ቀጥሎ በሦስት ዓምድ ተቀመጠ። ለደወለው ወንድማችን ሊቀ መንበሩ ራሳቸው መልሰው ደውለው፣ በስልክ ላይ እንዳሉ ገጹን እንዲከፍት ነገሩት። ጥቂት ዝም አለና፣ «አሁን አየሁት ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ። ይቅርታ የሚገባው ከእኔ ነበርና እኔም ጠይቄዋለሁ። እምነት በአንድ ዓምድ መቆረጥ ምክንያት ሊጎድል እንደሚችል ከዚያ ወዲህ አልረሳሁም።

እናንተም የምትመርጡትን ገጽታ ለኮሚቴው በላፕቶፕ ከማሳየታችሁ በፊት፣ በስልክ አድርጋችሁ ለአንድ አረጋዊ ካህን ወይም ለአንዲት እናት ስጧቸውና ምንም ሳትናገሩ «የቅዳሴውን ሰዓት ያግኙልኝ» በሏቸው። ካገኙት ገጽታው ያማረ ነው። ካላገኙት ሥራው ገና አላለቀም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።